«በፍጹም» የሚለው መልስ

ሰሞኑን አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት፣ የአፍላ ወጣቶችን ብቸኝነት ለመለካት ወደ አማርኛ የመለስነውን መጠይቅ ይዤ ከተማሪዎች ጋር አንድ በአንድ ተቀምጬ ነበር። መነሻ ያደረግነው በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀውን መለኪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመው 3ኛው ቅጂ 20 ጥያቄዎች ሲኖሩት፣ እያንዳንዱ በ4 ደረጃዎች ይመለሳል።

አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ «ችግሬን የማዋየው ሰው የለኝም» ከሚለው ዐረፍተ ነገር ፊት ለፊት «በፍጹም» የሚለውን አክብባ አገኘሁ። በእኛ አቆጣጠር ይህ መልስ 1 ነጥብ፣ ማለትም ስሜቱ ጨርሶ የለም ማለት ነው። ለምን እንደመረጠችው ስጠይቃት ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ቲቸር፣ በፍጹም የለኝም ማለቴ ነው» አለችኝ። ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም። በአማርኛ «በፍጹም» አሉታዊውን ግስ ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ ሰው ያጣችው ልጅ በዚያ ጥያቄ ላይ ምንም እንዳልጎደለባት ሆና ልትመዘገብ ነበር። በፈቃዷ ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ጋር አገናኘኋት።

አስተማማኝነትን ለማሳየት ዘወትር የምንጠቅሰው የክሮንባክ አልፋ እንዲህ ያለውን ስሕተት እንዲያጋልጥልን መጠበቅ አይገባንም። አልፋ የሚነግረን ጥያቄዎቹ እርስ በርሳቸው ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ ነው፤ ልጆቹ ብዙዎቹን ጥያቄዎች በአንድ ዓይነት መንገድ አዛብተው ከተረዷቸው ቁጥሩ ከፍ እንዳለ ሊቆይ ይችላል፤ የጥያቄዎቹ ብዛት ብቻውንም ከፍ ያደርገዋል። የተገቢነት ጥያቄ፣ ማለትም የምንለካው በእርግጥ ብቸኝነትን ነው ወይ የሚለው፣ ሳይነካ ይቀራል።

ቃሉ ራሱም አስቸግሮናል። አንድ ልጅ «ብቸኝነት» ሲባል ለብቻ መኖር መስሎት፣ ቤታቸው ሰው ሞልቶ ሳለ እንዴት እንደምጠይቀው ገረመው፤ ስለ ሆድ መባስና በክፍሉ ልጆች መካከል ስለሚሰማው ባይተዋርነት ግን ሳልጠይቀው ብዙ አጫወተኝ። በዚህ ረገድ እ.ኤ.አ. በ1987 በቤልጅየም የተዘጋጀው የሉቨን መለኪያ የተሻለ መንገድ ያሳያል ብዬ አምናለሁ፤ 48ቱን ጥያቄዎች በ4 ክፍል መድቦ፣ ከወላጅ ጋር የሚሰማን ብቸኝነት ከእኩዮች ጋር ከሚሰማው ይለያል፣ ብቻ መሆንን መውደድና መጥላትንም ለየብቻ ይጠይቃል።

አሁን «በፍጹም»ን አውጥተን «እንዲህ ተሰምቶኝ አያውቅም» በሚል ሙሉ ዐረፍተ ነገር ተክተናል፤ በአሉታ የሚያልቁትንም «ችግሬን የማዋየው ሰው እንዳጣሁ ይሰማኛል» ወደሚል መልክ እየመለስን ነው። የታረመውን መጠይቅ ለአዲስ ተማሪዎች ሰጥተን፣ ከ2 ሳምንት በኋላ ለእነዚያው ልጆች እንደግመዋለን፤ ከመካከላቸውም ጥቂቶቹን መልሳቸውን በራሳቸው ቃል እንዲያስረዱኝ እጠይቃለሁ።