ሐሙስ የበርሜል ቀን ነው

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት የድጋፍ አገልግሎት አስተባባሪ ነኝ። ምን እንደምሠራ ሲጠይቁኝ ከማስተማር ውጪ ያለውን ሁሉ እላለሁ፦ ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ማዕድ ቤት፣ የውኃ ግዢ፣ የመጸዳጃ ቤት ሳሙና፣ የልጆቹ የመኝታ ፍራሽ፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ ጠዋትና ማታ ልጆች የሚያመላልሱት ባጃጆች። የአራት ዓመት ልጅ ፊደል የሚቆጥረው ሆዱ ሲጠግብ፣ እጁ ሲታጠብና ጤና ውሎ ሲያድር ነውና ይህን ሥራ ከትምህርቱ ለይቼ አላየውም። አሁን የማወጋችሁ ሥራውን በያዝኩበት ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ ልጆቻችን በትኩሳት መቅረት ሲጀምሩ የሆነውን ነው።

መጀመሪያ ማንም አልደነገጠም። ጉንፋን ነው ተባለ፣ ምች ነው ተባለ። ወላጆች እየደወሉ «ሌሊቱን ሲያተኩሰው አደረ» ይላሉ፣ መምህራኑም መዝገቡ ላይ «ታሟል» ብለው ይጽፋሉ። እኔን ያስደነገጠኝ አንዲት ልጅ ለሞግዚቷ የነገረቻት ነው። ልጅ መገጣጠሚያዬን አመመኝ አይልም። ይህቺ ልጅ ከፍራሿ ላይ እንድትነሳ ስትጠራ «እግሬ እምቢ አለኝ» አለች።

ድሬ ላይ ይህን የሰማ ሰው ልቡ ወዲያው ወደ 2011 ክረምት ይሄዳል። በዚያ ክረምት ከሐምሌ ጀምሮ ቺኩንጉንያ ከተማዋን አዳርሶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልጋ ላይ ጣለ። ትኩሳቱ ለቅቋቸው እንኳ ግድግዳ ይዘው የሚራመዱ ሰዎች በየሰፈሩ ነበሩ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2006 መጀመሪያ ደንጊ ገብቶ ነበር። በአገራችን ደንጊ በወረርሽኝ መልክ መጀመሪያ የታወቀው እዚሁ ድሬዳዋ ነው። ሁለቱንም በሽታዎች የምታስተላልፈው አንዲት ቢምቢ ናት፤ ባለሙያዎቹ ኤደስ ኢጂፕታይ ይሏታል። ጥቁር ናት፣ እግሯ ላይ ነጭ ቀለበት ቀለበት አለባት፣ የምትናከሰውም ቀን ነው፣ ይልቁንም ጠዋትና ወደ ማምሻው። ልጆቹ ከእኛ ጋር በሚውሉበት ሰዓት ማለት ነው። ሌሊት አጎበር ውስጥ የሚተኛ ልጅ እኛ ግቢ መጥቶ ሊነከስ ይችላል።

በግቢያችን የሰኞ ስብሰባ የመምህራን ስብሰባ ነበር። እኔ ስመጣ ያገኘሁት ልማድ ነው። በዚያ ሳምንት ስለ ልጆቹ መታመም ረጅም ውይይት ተደረገ፤ ለወላጆች ማስታወቂያ ይላክ፣ የታመመ ልጅ እስኪሻለው ቤቱ ይቆይ ተባለ። ጥሩ ውሳኔዎች ናቸው። ነገር ግን ከበሽታው ምንጭ አጠገብ በየቀኑ የሚቆሙት ሰዎች በዚያ ሰዓት ውጪ ነበሩ፤ አንዷ መጥረጊያ ይዘው፣ አንዱ በር ላይ ቆመው።

አዴ እያልን የምንጠራቸው የጽዳት ሠራተኛችን ከሁላችንም በፊት እዚያ ግቢ የገቡ ናቸው። ፍራሽ ሲያነጥፉና ሲያነሱ የትኛው ልጅ እንደቀረ ከመዝገቡ ቀድመው ያውቃሉ። ከስብሰባው በኋላ ኮሪደር ላይ አግኝቼ ስለ ልጆቹ ስጠይቃቸው መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ የቀሩት እኮ ከየክፍሉ አይደሉም። ጎማው ጋ የሚጫወቱት ናቸው። እኔ እዚያ ስጠርግ እጄን፣ እግሬን ይበላኛል። ጎማውን በእግርሽ መታ አድርጊው፣ ቢምቢው ይነሳል።»

«አዴ፣ ከመቼ ጀምሮ?»

«ትምህርት ሲከፈት ጀምሮ። ለማን ልንገር አቦ? እናንተ ስብሰባ ናችሁ።»

ይህቺ የመጨረሻዋ ቃል ውስጥ ምንም ወቀሳ አልነበረባትም። ሰዓቱን እንደሚናገር ሰው ነበር የተናገሩት። ለእኔ ግን በዚያ ሳምንት ከሰማሁት ሁሉ የከበደችው እሷ ናት።

ጎማ የሚሉት ወላጆች አዋጥተው ያሠሩትን መጫወቻ ነው። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ የተቀቡ አሮጌ የመኪና ጎማዎች፤ ገሚሶቹ ቆመው እስከ ግማሻቸው መሬት ውስጥ ተቀብረዋል፣ ልጆች ይሾልኩባቸዋል፤ ሌሎቹ ጠፍጣፋ ተደራርበው መዝለያ ሆነዋል። ክረምቱን ግቢው ተዘግቶ ሳለ ዝናቡ ሞላቸው። ከዝናቡ በኋላም አልደረቁም፣ ምክንያቱም የግቢያችን ጥበቃ አባባ ልጆቹ ከመድረሳቸው በፊት አቧራውንና ሙቀቱን ለማብረድ ጠዋት ጠዋት ግቢውን ውኃ ያርከፈክፉ ነበር። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ንጹሕ ውኃ መሬት ላይ አይደፋም፤ የእጅ መታጠቢያውን እጣቢ በባልዲ አጠራቅመው ነበር የሚረጩት። ቆጣቢነታቸውን አደንቃለሁ። ጥቂቱ ግን በየቀኑ ጎማዎቹ ውስጥ ይገባ ነበር። ጎማ የገባበትን ውኃ አይለቅም፤ ፀሐይም ውስጡ አትደርስም።

የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ስጠራት በማግስቱ መጣች። ከማዕድ ቤት ነጭ ጭልፋ ለምና ወደ ጎማው ሰደደች፤ ስታወጣው ውስጡ የሚውረገረግ ትል ሞልቶበታል። የሁላችንንም ዓይን የሳበው ግን ቀጥሎ ያሳየችን ነው። ጭልፋውን ዝም አድርጋ ይዛ ትሎቹ ወደ ላይ እስኪወጡ ጠበቀች። «አያችሁ፣ እነዚህ ጭራቸውን ላይ አድርገው ጭንቅላታቸውን ወደ ታች ቁልቁል ተንጠልጥለዋል፤ የኤደስ እጭ ናቸው። የወባዋ ቢሆን ከውኃው ገጽ ጋር ትይዩ ጠፍጥፎ ይተኛል።» አዴ ጭልፋውን ከእጇ ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ ውኃ ማጠራቀሚያ በርሜሎቻችን ወሰዷት።

የወባዋን ነገር ያነሳችው እንዲሁ አይደለም። ወባ ዝናብን ተከትሎ በኩሬና በረግረግ ዳር የሚመጣ በሽታ እንደሆነ ነው አብዛኞቻችን የተማርነው። በ2014 ግን ድሬዳዋ ውስጥ በበጋ፣ ዝናብ በሌለበት፣ ወባ ተነሳ። ተጠያቂዋ አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባል ከእስያ የመጣች ዝርያ ናት፤ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘችው ሶማሌ ክልል፣ ቀብሪ ደሃር ነው። ይህቺኛዋ ከተማ ትወዳለች፤ በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ውኃ ማጠራቀሚያ ይበቃታል። ስለዚህ ውኃ አጠራቅሞ የሚኖር ተቋም አሁን የሚጠነቀቀው ለሦስት በሽታ ነው።

በርሜሎቻችን ክዳን ነበራቸው። ለጆግ ማስገቢያ ተብሎ የተቀደደ ቀዳዳም ነበራቸው፤ ለቢምቢ ከበቂ በላይ ነው። አዴ ውኃው ሲያልቅ አለቅልቀው ይደፉ ነበር፣ ባለሙያዋ ግን ጣቷን በበርሜሉ የውስጥ ግድግዳ ላይ አሳለፈችና ማለቅለቅ ለምን እንደማይበቃ አስረዳች። ኤደስ እንቁላሏን የምትጥለው ከውኃው ከፍ ብላ፣ እርጥቡ ግድግዳ ላይ ነው። ውኃው ሲደፋ እንቁላሉ ተጣብቆ ይቀራል፤ ደርቆ ወራት ይቆያል፤ እንደገና ውኃ ሲነካው ይፈለፈላል። የድሬ ውኃ ደግሞ ኖራ የበዛበት ነው፤ ማንቆርቆሪያችንን የሚያለብሰው ያ ነጭ ድንጋይ በበርሜሉ ግድግዳም ይጋገራል፣ እንቁላሉ በሻካራው ውስጥ ይሸሸጋል። ስለዚህ መፋቅ ያስፈልጋል፣ በደረቅ ብሩሽ፣ ከአፉ እስከ ወለሉ። በዚህ ሙቀት ከእንቁላል እስከ መብረር አንድ ሳምንት ገደማ ስለሚበቃት በየሳምንቱ መፋቅ አለበት።

ከዚህ በኋላ ያለው ዕውቀት ሳይሆን አስተዳደር ነው፤ እኔን የሚመለከተኝም እሱ ነው።

አንደኛው ክርክር ስለ ጎማዎቹ ነበር። ከዳይሬክተሯ ጋር ስንነጋገር የመጀመሪያው ሐሳብ ነቅሎ መጣል ነበር። መምህራኑ አጥብቀው ተቃወሙ፣ እኔም ከእነሱ ጋር ቆምኩ። ግቢያችን ጠባብ ነው፤ ልጆቹ መዝለል፣ መሾለክ፣ ተራ መጠበቅ የሚማሩት እዚያ ጎማ ላይ ነው። ቢምቢን ፈርቶ መጫወቻ የሚነቅል መዋዕለ ሕፃናት ለልጆቹ ምን እንደሚያተርፍላቸው አይገባኝም። መፍትሔው የመጣው ከመንገድ ዳር ጎሚስታ ነው። ተደራርበው የተቀመጡትን አንድ በአንድ አንስቶ ከሥራቸው በሰፋፊው በሳቸው፤ ትንሽ ቀዳዳ በቅጠልና በአፈር ስለሚደፈን በሰፊው እንዲሆን ለመነው። ለተቀበሩት አባባ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ አስመጥተው ውስጣቸውን እስከ አፋቸው ጠቀጠቁ። አሸዋ ድሬ ላይ የሚቸግር ነገር አይደለም። አሁን ዝናብ ቢመጣ እንኳ ውኃ የሚጠራቀምበት ቦታ የላቸውም።

ሁለተኛው ክርክር የከበደው ነው። በርሜል መፋቅ የማን ሥራ ነው? በጽዳት የሥራ ዝርዝር ውስጥ የለም፣ በማዕድ ቤቱም የለም፣ በሞግዚቶቹም የለም። እንዲህ ዓይነቱ ሥራ በየተቋሙ የሚወድቀው ዝም በሚለው ሰው ላይ ነው፣ ያውም ያለ ሰዓቱና ያለ ክፍያው። ለዳይሬክተሯ ያቀረብኩት ቀላል ሐሳብ ነበር፤ በርሜሉ በአዴ ላይ የሚጨመር ከሆነ ከአዴ ላይ የሚቀነስ ነገር ይኑር። የፋይናንስ ኃላፊው «ግማሽ ቀን ለበርሜል?» አለ። የታመሙትን ልጆች የክፍል መዝገብ አመጣሁለትና በየስማቸው አነበብኩለት። ከዚያ በኋላ ስለ ግማሽ ቀን አልተነጋገርንም።

ዓርብ እንዳይሆን አዴና አባባ ሁለቱም ጁምዓ አላቸው። ሐሙስ ሆነ። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ክፍሎቹን ሞግዚቶቹ ይጠርጋሉ፤ አዴና አባባ በርሜል ይፍቃሉ። ረቡዕ ዕለት በርሜሉ እንዳይሞላ የማዕድ ቤቷ ሠራተኛ ትጠነቀቃለች፣ ሙሉ በርሜል ውኃ መድፋት ለማንም አንጀቱ አይችልምና። የተቀደደውን ክዳን ጥለን መጋላ ባለ ልብስ ሰፊ ከሥሥ መረብ ጨርቅ ዙሪያው ላስቲክ ያለው ሽፋን አሰፋን፤ የሻወር ኮፍያ ይመስላል፣ በርሜሉን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። ዋጋው ለሁሉም በርሜሎች ተደምሮ አዲስ ክዳን ከመግዛት ያነሰ ነበር።

ለወላጆች የተላከውን ማስታወቂያ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ አደረግነው። ስለ ጎማና በርሜል ከጻፍን በኋላ ባለሙያዋ አንድ መስመር እንድንጨምር አጥብቃ ነገረችን፦ ለዚህ ዓይነቱ ትኩሳት ሐኪም ሳያይ ከፓራሲታሞል ውጪ እንዳይሰጥ፤ አስፕሪን፣ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ደንጊ በሆነበት ሰው ላይ መድማትን ያባብሳልና። ከቤታቸው የተረፈ ክኒን ለልጅ ቆርሶ መስጠት በእኛ ሰፈር የተለመደ ስለሆነ ከማስታወቂያው ሁሉ ዋጋ ያላት መስመር እሷ ነበረች ብዬ አምናለሁ። ልጆቹ ቤታቸውም በርሜል አለ፣ መንገድ ላይም ቢምቢ አለ፤ እኛ የያዝነው የእኛን ግቢ ነው። በእኛ ግቢ የቀሪዎቹ ቁጥር እስከ ኅዳር እየቀነሰ ሄደ፣ «እግሬ እምቢ አለኝ» ያለችውም ልጅ ተመልሳ ጎማው ላይ ወጣች።

የሰኞው ስብሰባ ላይ ለውጥ አድርገናል። መምህራኑ ከመሰብሰባቸው በፊት ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ማዕድ ቤትና ሞግዚቶች አጠር ላለ ጊዜ ከእኔ ጋር ይቀመጣሉ፤ ሻይ አለ፣ ቃለ ጉባኤ አለ። የሚባለው ሁሉ በስሙ ይጻፋል፣ ጽሑፉም ወደ መምህራኑ ስብሰባ ይሄዳል። አዴ ኦሮምኛ ሲቀናቸው በኦሮምኛ ይናገራሉ፣ አባባ በሶማሊኛ ይመልሳሉ፣ ማንም አስተርጓሚ አይፈልግም፤ ድሬ ነው። ከዚያች ወንበር ምን ያህል ነገር እንደሚወጣ ያላየ ሰው አያምንም። አንደኛው ባጃጅ የግቢው በር ሳይከፈት ልጆችን አውርዶ እንደሚሄድ የሰማነው ከአባባ ነው። የትንንሾቹ ክፍል መስኮት መረቡ እንደተቀደደ የነገሩን ሞግዚቶቹ ናቸው። ምስር የማይበሉት ልጆች የትኞቹ እንደሆኑ የማዕድ ቤቷ ሠራተኛ በስም ትቆጥራለች፣ ከእነሱ አንዱ ምግብ የሚተወው ጥርሱን እያመመው እንደነበር የታወቀውም ከእሷ ነው።

ያልጨረስነው አንድ ነገር አለ። ከአጥራችን ጀርባ ጋራዥ አለ፤ ጓሮው ውስጥ አሮጌ ጎማ ሰማይ ተከፍቶለት ተቆልሏል። ኤደስ ብዙ ርቀት አትበርም፣ የእኛ አጥር ግን ለእሷ ምንም አይደለም። ባለቤቱን በደብዳቤ ጠየቅነው፣ መልስ አልሰጠም። አባባ መስጊድ ውስጥ እንደሚያውቁት ነገሩኝና አብረን ሄድን። የሁለት ልጆች አባት ነህ ብለው በሶማሊኛ የጀመሩለትን ሁሉ አልሰማሁም፣ ሰውየው ግን ሸራ ካገኘ ጎማዎቹን እንደሚሸፍን ቃል ገባ። ሸራውን ከመዋዕለ ሕፃናቱ በጀት እንድንገዛለት ጥያቄ አስገብቻለሁ። የፋይናንስ ኃላፊው የጎረቤት ንብረት በእኛ በጀት አይሸፈንም ብሎ መልሶልኛል፤ መዝገቡን ይዤ ሰኞ እንደገና እገባለሁ፣ በዚህኛው ጊዜ አዴም አብረውኝ ይገባሉ።