የወር መጨረሻ ወረፋ

ደመወዝ የሚሠራበት ሰሞን ስለሆነ ሰርቨሩ ከጠዋት ጀምሮ ተጨናንቋል። የእኛ የደመወዝ ሲስተም ብዙ ድርጅቶችን በአንድ አፕሊኬሽንና በአንድ ዳታቤዝ ነው የሚያስተናግደው። ወሩን ሙሉ ማንም ማንንም አይነካም። ወሩ ሊያልቅ ሲል ግን ሺህ ሠራተኛ ያለው ፋብሪካም ስምንት ሰው ያለው ክሊኒክም እኩል ይመጣሉ።

ድሮ ወረፋው አንድ ነበር፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል። ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። ፋብሪካው ግን «አስላ» የሚለውን አንዴ ሲጫን የእያንዳንዱ ሠራተኛ ግብር፣ የሠራተኛው 7 በመቶና የአሠሪው 11 በመቶ ጡረታ፣ ከዚያ ፔይስሊፑ፣ ሁሉም ለየብቻው ሥራ ሆኖ ይሰለፋል። ሁለት ዳቦ ልትገዛ ሄደህ ከፊትህ ያለው ሰው የሠርግ ዳቦ ሲያዝ ማለት ነው። የክሊኒኩ ሒሳብ ሠራተኛ ትደውልና «ሲስተም የለም እንዴ?» ትላለች። ሲስተሙማ አለ፣ ፋብሪካውን እያገለገለ ነው።

አሁን እያንዳንዱ ድርጅት የራሱ ወረፋ አለው፤ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ሥራ በየተራ ይነሳል። ፋብሪካው ትንሽ ይዘገያል፣ ክሊኒኩ ወዲያው ጨርሶ ይወጣል። ጥያቄ ለሚያበዛው 429፣ ማለትም «ጥያቄ አብዝተሃል» የሚለውን የስህተት ኮድ፣ እንመልሳለን። ገደቡን በአይፒ (በኢንተርኔት አድራሻ) አላደረግነውም፤ በሞባይል ኢንተርኔት የሚገቡ የማይተዋወቁ ደንበኞች በአንድ አይፒ ሊመጡ ይችላሉ፣ አንዱ ባጠፋ ሌላው ይቀጣ ነበር።

መዘግየቱስ ግድ የለም። እንቅልፍ የሚነሳኝ የአንዱ ድርጅት ደመወዝ ለሌላው እንዳይታይ ነው። ዳታቤዛችን ፖስትግሬስ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣው 9.5 ስሪት ጀምሮ፣ ማን የትኛውን ረድፍ እንደሚያይ ደንብ ተሰጥቶት ራሱ ዳታቤዙ እንዲወስን ያደርጋል። ሁለት ወጥመድ ግን አለው። የቴብሉ ባለቤት በሆነ አካውንት ከገባህ፣ ካላስገደድከው በቀር ደንቡ አይመለከትህም። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ የዳታቤዝ ኮኔክሽኖችን ለብዙዎች የሚያጋራው ፒጂባውንሰር በትራንዛክሽን ሞድ ሲሠራ፣ አንድ ትራንዛክሽን (አንድ ዙር የዳታቤዝ ሥራ) ባለቀ ቁጥር ኮኔክሽኑ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ የድርጅቱ መለያ ለኮኔክሽኑ ከተሰጠ ለሚቀጥለው ድርጅት አብሮ ይተላለፋል። ስለዚህ ለትራንዛክሽኑ ብቻ ነው የምንሰጠው፤ ሲያልቅ አብሮ ይጠፋል። መለያ ሳይኖረው የመጣ ደግሞ ባዶ ያገኛል።

አንድ ባልደረባዬ «ኮዱ ላይ እኮ በድርጅት እናጣራለን፣ ይሄ ድርብ ሥራ ነው» ይለኛል። ለሪፖርት ብሎ በጥድፊያ የሚጽፋቸውን ኩዌሪዎች (ለዳታቤዙ የሚላኩ ጥያቄዎች) ስለማውቅ አልተከራከርኩትም፤ ደንቡንም አላነሳሁትም።