«ሰው የለኝም» ላለው ሰው፦ የአልጋ ቁራኛን ስለ ማስታመም

የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ነው። የዕለቱ ወንጌል፣ ዮሐንስ ምዕራፍ 5፣ በመጠመቂያው አጠገብ 38 ዓመት በደዌ የቆየውን ሰው ያነሣል። ስብከቱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፈውሱ ይሮጣል፤ «አልጋህን ተሸክመህ ሂድ» እስኪባል ሁላችንም እንጠብቃለን። ሰውየው ግን «ልትድን ትወዳለህን?» ሲባል ስለ ሕመሙ አንዲት ቃል አልተናገረም። «ሰው የለኝም» ነው ያለው። በማርቆስ ምዕራፍ 2 የምናገኘው ሽባ ደግሞ አራት ሰው ነበረው፤ ጣራ ነድለው ከነአልጋው አወረዱት። የሁለቱ ልዩነት የበሽታው ክብደት አይደለም፣ የሚሸከም ሰው መኖርና አለመኖር ነው።

እግዚአብሔር ሰውን በመልኩ እንደ ፈጠረ (ዘፍ. 1፥27) የማያምን ክርስቲያን የለም። ቃሉ «የሚሠራውን»፣ «የሚናገረውን»፣ «ልጆቹን የሚያውቀውን» ብሎ አልለየም። ይህን ስለ ሕፃን መስበክ ቀላል ነው፤ ሕፃን ያድጋል፣ ተስፋ አለው። ከባዱ ግን ስትሮክ ከጣላቸው፣ ሽንታቸውን መቆጣጠር ካቃታቸው፣ የልጃቸው ስም ከጠፋባቸው አባባ አልጋ አጠገብ ነው። ጠያቂ ይመጣል፣ ብርቱካንና ሙዝ ያስቀምጣል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ከዚያ ራስጌ ቆሞ «ምነው እግዜር በገላገላቸው» ይላል። መናገር ያቃተው ሁሉ መስማት አቅቶታል ያለን ማን ነው? ይቺ ንግግር በአዘኔታ ነው የምትወጣው፣ አውቃለሁ። ግን በሽተኛው ስትደርሰው ትርጉሟ አንድ ነው፦ በቅቶሃል።

ስለዚህ ስለ ሰው ሕይወት ክብር ሲወራ ወሬውን ወደ አልጋው ማውረድ ይሻላል። አንድን የአልጋ ቁራኛ ቀድሞ የሚያጎሳቁለው ብዙ ጊዜ ያስተኛው በሽታ ሳይሆን የአልጋ ቁስል ነው። መንስኤው ቀላል ነው፤ አጥንት ከውስጥ፣ ፍራሽ ከውጭ ሆነው በመካከል ያለውን ሥጋ ሲጫኑት ደም አይደርሰውም። ደም ያልደረሰው ሥጋ በሰዓታት ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። ሽንትና ላብ ቆዳውን ያርሱታል፤ በትራስ ከፍ ተደርጎ የተቀመጠ በሽተኛ ወደ ታች ሲንሸራተት ደግሞ ቆዳው ይጎተታል። ቀድመው የሚጎዱት ከመቀመጫ በላይ ያለው አጥንት፣ ተረከዝ፣ የዳሌ አጥንት፣ ቁርጭምጭሚት፣ ክርን፣ ትከሻና የራስ ቅል ጀርባ ናቸው። በጎኑ የሚተኛ ሰው ጆሮው ሳይቀር ይቆስላል።

መፍትሔው በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ ነው፦ በቀኝ ጎን፣ በጀርባ፣ በግራ ጎን። በቀንና በሌሊት 12 ጊዜ ማለት ነው። ወፍራም፣ ጥሩ ስፖንጅ ፍራሽ ካለና ጠዋት ቆዳው ላይ ምንም ለውጥ ካልታየ ሌሊቱን በየ4 ሰዓቱ ማድረግ ይቻላል፤ ለውጥ ከታየ ግን እንደገና በየ2 ሰዓቱ ማድረግ ነው። በጎን ሲተኙ ሙሉ በሙሉ መገልበጥ አያስፈልግም፤ እንዲያውም እንዲያ ከተገለበጡ ሙሉ ክብደታቸው በዳሌ አጥንት ላይ ያርፋል። ጀርባቸው ሥር ትራስ አስገብቶ 30 ዲግሪ ያህል ማዘንበል ይበቃል። በጉልበቶቹ መካከል አንድ ትራስ፣ ከባታቸው በታች ሌላ ትራስ ይደረጋል፤ ሁለተኛው ተረከዙ አየር ላይ እንዲንጠለጠል ነው። ከምግብ ሰዓትና ከበሉ በኋላ ካለው ግማሽ ሰዓት ውጭ ራስጌው ከ30 ዲግሪ በላይ ከፍ ባይል ይመረጣል፤ መንሸራተቱ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ማንሣቱ ላይ ብዙ ቤት ይሳሳታል። በብብታቸው ገብቶ መጎተት የሽባውን ትከሻ ከመገጣጠሚያው ያወልቃል፣ ቆዳቸውንም ይልጣል። ለሁለት የታጠፈ አንሶላ ከትከሻ እስከ ጭን ከሥራቸው ይነጠፍ፤ ሁለት ሰው በግራና በቀኝ ጫፉን ጠቅልሎ ይዞ፣ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ፣ ሳይጎትት ከፍ አድርጎ ያንቀሳቅስ። ከመንካት በፊትም ይነገራቸው፦ «እማማ፣ አሁን ወደ ቀኝ ላዞርዎት ነው።» ይሰሙ እንደሆነ ባይታወቅም ይነገራቸው። ገላቸው ሲታጠብ የሚታጠበው ክፍል ብቻ ይገለጥ፣ ሌላው በነጠላ ይሸፈን፤ በሩ ይዘጋ።

ቆዳ በየዕለቱ በብርሃን ይታያል። በመጻሕፍት «መቅላት» የሚባለው የመጀመሪያ ምልክት በጠይም ቆዳ ላይ ላይታይ ይችላል። ከአካባቢው ይልቅ የጠቆረ ወይም ወይን ጠጅ የመሰለ፣ ሲነኩት የሚሞቅ፣ ከሌላው የጠጠረ ወይም የላላ ቦታ ካለ ቁስሉ ከውስጥ ጀምሯል። ያን ቦታ ማሸት ክልክል ነው፤ የተጎዱትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይብሱን ይሰብራል። በአልኮል መጥረግ ቆዳውን ያደርቃል። ቀለበት የሚመስለው ጎማ መቀመጫም ብዙ ይገዛል፤ ግን ዙሪያውን ተጭኖ መካከሉን ደም ያሳጣዋል። የሚያስፈልገው ክብደቱን ከዚያ ቦታ ላይ ማንሣት ብቻ ነው።

ቆዳው ከተከፈተ፣ ግማሽ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ 1 ልክ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ ማጠብና በንጹሕ ፋሻ መሸፈን ይቻላል፤ የጤና ባለሙያም ይየው። እዚህ ላይ በጥንቃቄ የምናገረው አለ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣው እምነት (የተባረከው አፈር ወይም አመድ) በግንባር ይቀባል፤ በተከፈተ ቁስል ውስጥ ግን አይጨመር። አፈርና አመድ ቁስል ውስጥ ሲገባ መመረዝን፣ ቴታነስንም ያመጣል። ይህን ማለት እምነት ማጣት አይደለም። ቅዱስ ባስልዮስ ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዓት ሕክምናን ከእግዚአብሔር የተሰጠ ጥበብ ብሎታል፤ እርሱ ራሱ በ4ኛው መቶ ዘመን በቂሣርያ ከተማ ዳር ለድሆችና ለሕሙማን ትልቅ መጠለያ ሠርቶ፣ ሰው የሚሸሻቸውን ለምጻሞች በዚያ ሰብስቧል። ሲራክ 38ም ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው ይላል። በእኛም ዘመን አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበልና መድኃኒትን አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። ክኒኑ በጠበል ይዋጥ፣ ማን ከለከለ፤ አይቋረጥ እንጂ።

ምግብ ሌላው አደጋ ነው፤ በተለይ በእኛ ባህል። ስትሮክ የመታው ሰው የመዋጥ ኃይሉ ሊዳከም ይችላል። ጠያቂ ዘመድ «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» ብሎ ትልቅ ጉርሻ ሲያጎርሰው ምግቡ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ከቀናት በኋላ በሳንባ ምች ሲሞት ሰዓቱ ደርሶ ነው ይባላል። በሽተኛው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ አገጩን ወደ ደረቱ ጥቂት ዝቅ ያድርግ፤ በሻይ ማንኪያ እየተሰጠው፣ እያንዳንዱ መዋጡ ታይቶ ሌላው ይከተል። ከበላ በኋላ 30 ደቂቃ እንደተቀመጠ ይቆይ። እንቅልፍ የያዘው ሰው አይመገብም። ውሃ ከወፈር ያለ አጥሚት ይልቅ ፈጥኖ ያንቃል። ሲበላ የሚያስለው ወይም ከዋጠ በኋላ ድምፁ ውሃ ያዘለ የሚመስል ሰው ምግቡ ቆሞለት ሐኪም ይየው። አፉም ባይበላ እንኳ በቀን ሁለት ጊዜ በለስላሳ ብሩሽ ወይም በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ይጽዳ፤ የደረቀና የቆሸሸ አፍ ያማል።

ዳይፐር በየ2 ሰዓቱ በሚገለበጡበት ጊዜ ይታያል። ሴት ከፊት ወደ ኋላ ትጠረጋለች፣ ተገላቢጦሹ የሽንት ኢንፌክሽን ያመጣል። ቆዳው ከደረቀ በኋላ ስስ ቫዝሊን ይቀባል፤ የተለቀለቀ ከሆነ ዳይፐሩ ሽንቱን መምጠጥ ያቆማል።

ስለ ሕመም ጥቂት ልበል። መናገር የማይችል ሰው ሲገለበጥ ፊቱን ካጨማደደ፣ ካቃሰተ፣ ጡጫውን ከጨበጠ አሞታል ማለት ነው። በካንሰር ለሚሠቃይ ሰው ሐኪም የሚያዘው በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን አለ፤ ብዙ ቤተሰብ «ገደልነው እንዳይሆን» ብሎ ይደብቀዋል። በታዘዘው መጠንና ሰዓት የሚሰጥ ማስታገሻ መግደል አይደለም። ድርቀት ስለሚያመጣ የሆድ ማለስለሻ አብሮ መጠየቅ ግን ያስፈልጋል። የነፍስን መውጫ ለማፋጠን ተብሎ የሚሰጥ ነገር ሌላ ነው፤ ያን ክርስትና አይቀበልም። በሌላ ወገን፣ ሐኪሞች ከእንግዲህ አይጠቅምም ያሉትን የሚያሠቃይ ሕክምና መተውም መግደል አይደለም። ሦስቱ ነገሮች ተለይተው ካልታወቁ ቤተሰቡ ወይ በጸጸት ይኖራል፣ ወይ በሽተኛውን በከንቱ ያሠቃያል።

ጾምና ቁርባንም ጥያቄ ያስነሣሉ። በሽተኛ የሚጾመውንና የማይጾመውን የንስሐ አባት ይወስናሉ። ሲጠየቁ ግን እውነቱ በሙሉ ይነገራቸው፤ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ምግብ ሲዘል ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት እንደሚችል ካልተነገራቸው ከየት ያውቃሉ? ለመቁረብም በሽተኛው መዋጥ መቻሉ አስቀድሞ ለካህኑ ይነገር። ምሥጢረ ቀንዲል፣ ካህን ለታመመ ጸልዮ ዘይት የሚቀባበት ምሥጢር፣ ደግሞ ለሞት ብቻ የተጠበቀ አይደለም፤ ያዕቆብ 5፥14 የሚለው «ከእናንተ የታመመ ማንም ቢኖር» ነው። ካህን ሲጠራ «አበቃላቸው ማለት ነው» ብሎ የሚደነግጥ ቤት ብዙ ነው፤ በዚህ ፍርሃት የተነሣ በሽተኛው ልቡናው ሳለ ሊያገኘው የሚገባውን ጸሎት ያጣል።

አሁን ደግሞ ማንም ስለማይጠይቃት ሰው። በየ2 ሰዓቱ የምታገላብጠው ማን ናት? አብዛኛውን ጊዜ ያላገባች ልጅ፣ ወይም ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ ናት። በሳምንት 84 ጊዜ። ሌሊት አትተኛም፣ ወገቧ ይጎዳል፣ ትምህርቷ ይቀራል፣ ከዚያም «ትጸድቂያለሽ» ትባላለች። የሰው ሕይወት ሁሉ ክቡር ከሆነ የእርሷም ይቆጠራል። አንዱን የእግዚአብሔር መልክ ለማክበር ሌላውን ማድቀቅ ጽድቅ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ነው ማኅበርና ዕድር የሚጠየቁት። ሰው ሲሞት ዕድር በሰዓታት ውስጥ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ብረት ድስት ያወጣል፣ ገንዘብ ይሰጣል፣ ያልመጣውን ይቀጣል። ያው ሰው ሁለት ዓመት ሲተኛ ግን ተራ የለም፣ ቅጣትም የለም። አሥራ ሁለት አባላት ያሉት ማኅበር እያንዳንዱ በሳምንት አንድ ቀን ለ4 ሰዓት ያህል ቢገባ 48 ሰዓት ይሆናል፤ አስታማሚዋ ትተኛበታለች፣ ትማርበታለች። ደጉ ሳምራዊም (ሉቃ. 10) አዝኖ ብቻ አልቀረም፤ ዘይትና ወይን አፍስሶ አሰረ፣ በአህያው ጫነ፣ ሁለት ዲናር፣ ማለትም የሁለት ቀን ደመወዝ ከፈለ፣ ቀሪውን ስመለስ ብሎ ቃል ገባ። ሥራውን በሙሉ ራሱ አልሠራውም፣ ለእንግዶች ማደሪያው ጠባቂ አከፋፈለው።

ተራ የሚገባ ሰው ማወቅ ያለበት ብዙ አይደለም። አልጋው አጠገብ ግድግዳ ላይ ወረቀት ይለጠፍ፦ ሰዓት፣ የተኙበት ጎን፣ የጠጡት፣ ሽንት፣ መድኃኒት። ተረኛው ይሞላል፣ ቀጣዩ ያነባል። ሐኪም ቤት የሚያስኬዱትም ከሥሩ ይጻፉ፦ ትኩሳት፣ የሚሸት ወይም የጠቆረ ቁስል፣ አንድ እግር ብቻ ማበጥ፣ ድንገተኛ መቃዠት፣ መዋጥ ማቆም።

በውጭ ያሉ ልጆች ገንዘብ ይልካሉ፣ ይመስገኑ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የአየር ፍራሽ መግዛት የሚፈልጉ ግን አንድ ነገር ይወቁ፦ መብራት ሲጠፋ አየሩ እየወጣ ይሄድና በሽተኛው ከታች ባለው ጣውላ ላይ ይቀራል። ከሥሩ ጥሩ ስፖንጅ ይኑር። የአየር ፍራሽ ቢኖርም ማገላበጡ አይቀርም።

ዕድሩ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ቢጨምር ዕቃ ቤቱ ከድንኳኑ ጎን ሁለት ስፖንጅ ፍራሽ፣ አንድ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ጥቂት ትራሶችና የላስቲክ መሸፈኛ ይይዛል። ለሕያው አባል ይዋሳል፣ ሲመለስ ተመዝግቦ ይገባል። ላስቲኩ ለሌላ ከመሰጠቱ በፊት በሳሙና ይታጠብ፤ ከዚያ 5 በመቶ በረኪና ከሆነ 1 እጁን በ9 እጅ ውሃ በጥብጦ መወልወል፣ 10 ደቂቃ ማቆየት፣ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅና ፀሐይ ላይ ማድረቅ ነው። የዕቃ ቤቱ ቁልፍም ከአንድ ሰው በላይ ጋር ይሁን፤ ስትሮክ ቀጠሮ አይዝም።