ፎረስተሯና የኮሎራዶ ዳገት

ለቤተሰብ መኪናዬ ጉልበት ካስጨመርኩላት ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። «ጉልበት ከፈለግሽ ለምን ሌላ መኪና አትገዢም? ለፎረስተር ይሄን ያህል ወጪ ምን ያደርጋል?» በመንገድ ላይ ቆሞ የሚያልቅ መልስ ስለሌለኝ እዚህ ልጽፈው አሰብኩ።

መኪናዬ የ2006 ሱባሩ ፎረስተር ናት። ኤክስቲ የሚባለው ባለ ቱርቦው (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ያለው) ዓይነት፣ ባለ 5 ማርሽ ማኑዋል። የምንኖረው ከዴንቨር ጎን ኦሮራ ነው። ከኋላ ሁለት የልጆች ወንበር ተገጥሞባታል። ጣሪያዋ ላይ ዕቃ መጫኛ አለ። ኮፈኗ ላይ ካለችው የአየር ማስገቢያ በስተቀር ከሌላው ፎረስተር የሚለያት ነገር ብዙም አይታይም።

አሜሪካ ውስጥ ፎረስተር ስሙ የታወቀ ነው። የአስተማሪ መኪና፣ ውሻ የሚያሳድግ ሰው መኪና፣ ቅዳሜና እሁድ ድንኳን ጭኖ ጫካ የሚገባ ሰው መኪና። ኩባንያውም ይህን ስም ይፈልገዋል። ማስታወቂያዎቹ ላይ ውሾች መሪ ጨብጠው ቤተሰባቸውን ሲያንሸራሽሩ ይታያሉ። በእኛ ሰው ዘንድ ደግሞ ሱባሩ መሆኗ ራሱ ጥያቄ ነው። አበሻ የሚያምነው ቶዮታን ነው። አክስቴ እስካሁን «ኮሮላ ብትገዢ ምን አለበት ልጄ?» ትለኛለች። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ፓርኪንግ ላይ ወንዶቹ የመኪና ወሬ ሲይዙ እኔ ጣልቃ ከገባሁ ዝም ይላሉ። ቀጥሎ «ለሴት ልጅ ይሄ ሁሉ ጉልበት ምን ይሠራል?» ይመጣል። ለወንድ የሚሠራውን ነው የሚሠራው። ዳገቱ የሚነዳው ማን እንደሆነ አይጠይቅም።

ፎረስተር ከመጀመሪያውም የተነገረላትን ብቻ አልነበረችም። ጃፓን ውስጥ በ1997 ስትወጣ ባለ ቱርቦም ነበራት። አሜሪካ ባለ ቱርቦዋን ያየው በ2004 ሞዴል ነው፤ 2.5 ሊትር ሞተር፣ 210 የፈረስ ጉልበት። በ2006 ወደ 230 ከፍ አለች። የዚያው ዓመት ቱርቦ የሌላት ፎረስተር 173 ነበራት። 1,450 ኪሎ ገደማ በምትመዝን መኪና ላይ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ሞተሩ ደግሞ ሱባሩ ለፍጥነት የሚሠራቸው የደብሊውአርኤክስና የኤስቲአይ ሞተር የቅርብ ዘመድ ነው። ጃፓን ውስጥ ከ2004 ጀምሮ ኩባንያው ራሱ ፎረስተር ኤስቲአይ የምትባል ሸጧል፤ 265 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ 6 ማርሽ ማኑዋል፣ ብሬምቦ የሚባለው የታወቀ ኩባንያ ፍሬን። ያቺ መኪና አሜሪካ አልመጣችም። ስለዚህ «የቤተሰብ መኪና ላይ ጉልበት መጨመር ያለ ቦታው ነው» የሚለኝን ሰው አልቀበለውም። የሠሯት ሰዎች ራሳቸው ጨምረውላታል።

አሁን ወደ ዋናው ምክንያቴ ልምጣ። ከፍታ ነው።

ዴንቨር ከባሕር ወለል 1,609 ሜትር ላይ ናት። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ሞተር ደግሞ ነዳጁን የሚያቃጥለው በአየር ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። እኛ ሰፈር ላይ ያ ባለ 173 ሞተር ወደ 145 ይወርዳል ማለት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚያ ኪሳራው ሩብ ይጠጋል። እንጦጦን ሰው በሞላበት ሚኒባስ የወጣ ሰው ይህን በጆሮው ያውቀዋል። ሹፌሩ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጦታል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን እዚያው ነው።

ቱርቦ ይህን በከፊል ይመልሳል። ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ አየሩን ጨምቆ ወደ ውስጥ ያስገባል። ግን በነፃ አይደለም። በባሕር ወለል የአየሩ ግፊት 14.7 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ነው፤ ዴንቨር 12 ገደማ። ያንኑ ያህል አየር ለማስገባት ቱርቦው እዚህ የበለጠ መልፋት አለበት። በለፋ ቁጥር አየሩን የበለጠ ያሞቀዋል። ሞቃት አየር ደግሞ ለሞተር ጥሩ አይደለም። ኮሎራዶ ውስጥ ቱርቦ ላይ የሚሠራ ሰው ሥራው ሁሉ ከዚህ ሙቀት ጋር ነው።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ፊያት እየነዳ በጣርማ በር አድርጎ ደሴ ይመላለስ ነበር። ጣልያን የቆፈረውን ዋሻ ካለፉ በኋላ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል። «በምትወጪበት ማርሽ ውረጂ» ይለኝ ነበር መንዳት ሲያስተምረኝ። እኔም ዛሬ ልጆቼን ይዤ ወደ ተራራው ስሄድ የማልፈው በዋሻ ነው። አይዘንሃወር ይባላል። ኢንተርስቴት 70 ላይ፣ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። እዚያ ላይ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሲሶው የለም።

እንግዲህ ሥራው እንዴት እንደሄደ።

መጀመሪያ ጉልበት አልነካንም። መካኒኬ የእኛው ሰው ነው፤ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ ነው የምለው። «እህቴ፣ የታመመን ሞተር ጉልበት ጨምሩለት አይባልም» አለኝ፤ እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነበር። የአራቱን ሲሊንደሮች ግፊት ለካ። እኩል ነበሩ። ካንዴላዎቹን ቀየረ። አየር የሚያስተላልፉትን የጎማ ቱቦዎች አንድ በአንድ ፈተሸ፣ የተሰነጠቀውን ጣለ። ከዚያ ወደ ቱርቦው ዘይት የሚወስደውን ቱቦ ፈታ።

ይህችን ነገር ጠጋ ብዬ እንዳያት ጠራኝ። ቱቦው በሚነሳበት ብሎን ውስጥ ትንሽ ወንፊት አለች፤ ርዝመቷ ከጣት ጫፍ አይበልጥም። ጀበና አፍ ላይ እንደምትደረገው ማጥለያ ናት፤ ሥራዋም ያው ነው። ጋሼ በጣቱ ያዛትና ወደ መብራቱ አነሳት። ግማሿ ብርሃን አያሳልፍም። የተቃጠለ ዘይት ጥቁር ሆኖ ደርቆባታል። ቱርቦው በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ ያን ሁሉ የሚያለሰልሰው በዚህች ወንፊት የሚያልፈው ዘይት ነው። ስትደፈን ቱርቦው ዘይት ተጠምቶ ይሞታል። የስንቱ ባለ ቱርቦ ሱባሩ መጨረሻ የጀመረው እዚህ ነው። እነዚህን መኪኖች የያዘ ሰው ሁሉ ዛሬውኑ ያስፈትሻት። ዘይቱንም በሰዓቱ ይቀይር። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ፍሬን። ይህን ስል ሰው ይገረማል፣ ግን ከዋሻው በኋላ ወደ ሲልቨርቶርን ከተማ የሚወርደው መንገድ ቁልቁለቱ 7 በመቶ ነው። ፍሬን እንቢ ላላቸው የጭነት መኪናዎች ማምለጫ መንገድ ተሠርቶበታል። ስለዚህ ሙቀት የሚችል የፍሬን ሸራ ገባ፤ የፍሬን ዘይቱ ተቀየረ። አራቱም ጎማዎች አዲስ ሆኑ። ከኋላ ደግሞ ኩርባ ላይ እንዳትጋደል የምታደርገው ዘንግ ወፍራም በሆነ ተለወጠች። ፎረስተር ከመሬት ከፍ ያለች ስለሆነች ይህ ዘንግ ያመጣው ለውጥ ከጠበቅኩት በላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ጉልበቱ። ከኤስቲአይ የወጣ ያገለገለ ኢንተርኩለር ገዛን። ኢንተርኩለር ቱርቦው ያሞቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ ነው። ፎረስተር ላይ የሚቀመጠው ሞተሩ አናት ላይ፣ ከኮፈኑ አየር ማስገቢያ ሥር ነው። የኤስቲአዩ ሰፋ ይላል፤ በትንሽ ማስተካከያ እዚያው ይገጥማል።

የመጨረሻው ሥራ የሞተሩ ኮምፒውተር ነው። ምን ያህል ነዳጅ ይግባ፣ ካንዴላው መቼ ይተኩስ፣ ቱርቦው ምን ያህል ይጫን የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ይህን የሚሠራ ልጅ አለ። ላፕቶፑን ሰክቶ ከጎኔ ተቀመጠ፣ እኔ ነዳሁ። የጠየቀኝ የመጀመሪያ ነገር ምን ዓይነት ቤንዚን እንደምቀዳ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ርካሹ ቤንዚን 85 ኦክቴን ነው፤ የተሻለው 91። ኦክቴን ቤንዚኑ ያለ ጊዜው መቀጣጠልን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚያሳይ ቁጥር ነው። በሌላ ግዛት 93 ያገኙ ሰዎች የሚጠቀሙበትን ቅንብር እዚህ መጫን ሞተር መግደል ነው። ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ይቀጣጠላል፣ የፒስተኑ ቀለበት የሚቀመጥበት ጠርዝ ይሰበራል። ይህ ሞተር በዚህ በሽታ ይታወቃል። እኛ በ91 ነው የሠራነው፤ ከዚያ በታች አልቀዳም።

ልጁ ከላይ፣ ሞተሩ በደቂቃ ከ5,000 ዙር ሲያልፍ፣ የቱርቦውን ግፊት ሆን ብሎ ቀነሰው። ቱርቦው ትንሽ ስለሆነ እዚያ ሲደርስ በዚህ ከፍታ የሚያመርተው ሙቀት ብቻ ነው አለኝ። ጉልበቱን መካከል ላይ ሰበሰበው፣ ከ3,000 እስከ 5,000። እኔም የምፈልገው እዚያ ነው። የቤተሰብ መኪና ቀኑን የሚያሳልፈው እዚያ ላይ ነው።

ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊቲክ አልነካሁም። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያወጣው እሱን ነው። ሕጉ ይከለክላል፣ መኪኖቻችንም በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ አለባቸው። ለእኔ ግን ዋናው እሱ አይደለም። ልጆቼ ይህንኑ አየር ነው የሚተነፍሱት። ማርሚታውም የፋብሪካው ነው። ከሥራ ሌሊት ስገባ ጎረቤት የሚቀሰቅስ መኪና አልፈልግም።

ከሁሉ በኋላ ልጆቹን፣ ባለቤቴንና የበረዶ መንሸራተቻውን ጭነን ከዋሻው ማዶ ወዳለችው ፍሪስኮ ከተማ ሄድን። ከጆርጅታውን በኋላ መንገዱ ቀጥ ብሎ ይወጣል። በፊት እዚህ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቼ፣ በቀኝ መስመር ከጭነት መኪናዎቹ ኋላ እቆም ነበር። አሁን በአራተኛ ነው። ነዳጅ ስጨምር የቱርቦው መለኪያ ቀስት ተነሳ፣ መኪናዋም ወደፊት ገፋች። ጩኸት የለም። ከፊቴ የነበረውን ተጎታች ያዘለ መኪና ለማለፍ ወጣሁ፤ ከኋላ በፍጥነት ይመጣ የነበረው ፒክአፕ ሳይደርስብኝ አልፌ ገባሁ። ባለቤቴ ስልኩን እያየ ነበር፣ ቀና አላለም። ልጆቹም ወሬያቸውን አላቋረጡም። ከዋሻው ማዶ ቁልቁለቱን በሦስተኛ ማርሽ ወረድኩት። ፍሬኑ አልሸተተም፣ ፔዳሉም አልላላም።

ጉልበት ማለት ለእኔ ይህ ነው። በመብራት ላይ የሚደረግ እሽቅድምድም አይደለም። ዳገት ላይ፣ ልጆች ይዞ፣ ማለፍ ሲያስፈልግ ማለፍ መቻል ነው። ባለ ትልቅ ስም መኪና ብገዛ የልጆች ወንበር፣ የበረዶ ጫማና የአክስቴን ድፎ ዳቦ አንድ ላይ የት አደርገዋለሁ? የምኖርባት መኪና ይህቺ ናት። የማሻሽላትም ስለምኖርባት ነው። ሰው ስለ መልኳ የሚለው ነገር አንድ ቀንም ሐሳቤን አስለውጦኝ አያውቅም። ሱባሩ ራሱ በ2019 ሞዴል ከአሜሪካ ፎረስተር ላይ ቱርቦውን አንስቶታል፤ ያሳዝነኛል። እንደ እኔ ዓይነት ቤተሰብ ያለው ሰው አዲስ ቢፈልግ ከእነሱ ዘንድ አያገኝም።

ኮምፒውተሩን የሠራው ልጅ አሁን «ትልቅ ቱርቦ እንግጠም» ይለኛል። አይሆንም ብዬዋለሁ። ትልቁ ቱርቦ ዘግይቶ ነው የሚነሳ፣ ከታች የምወደውን ጉልበት ይወስድብኛል፤ የፋብሪካው ፒስተን ደግሞ ያን ጫና በ91 ኦክቴን ብዙ አይሸከምም። ለእሱ የሚወጣው ገንዘብ ለታይሚንግ ቺንጋዋ (የሞተሩ ክፍሎች ተናብበው እንዲዞሩ የምታደርገው ቀበቶ) ተቀምጧል፤ 105,000 ማይል ላይ መቀየር አለባት፣ እየተቃረብን ነው። ፍሪሲዮኑም አራተኛ ማርሽ ላይ ነዳጅ ስረግጥ መንሸራተት ጀምሯል። ጋሼ ሁለቱንም አንድ ላይ ከበረዶው በኋላ እንሠራቸዋለን ብሎኛል፣ ዕቃውን አዝዣለሁ።