ዋናው ሽማግሌ ተኙ

ጥር በጎንደር የሠርግም የጉንፋንም ወር ነው። ዘንድሮ ሁለቱም ተያይዘው ቤታችን ገቡ። ታላቅ ወንድሜ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ዋናው ሽማግሌ አጎቴ ደግሞ የጥምቀት ዕለት ማለዳ ፋሲለደስ መዋኛ ዳር ጠበል ሲረጭባቸው ቆይተው አፍንጫቸው ተዘጋ።

አጎቴ ሐኪም ቤት አይወዱም። መድኃኒት ግን ይወዳሉ። ከፋርማሲ የጉንፋን ክኒን ገዙ። ጎረቤታችን እትዬ «ለእኔ ሳይነስ ፍቱን ነው» ብለው ከራሳቸው የአለርጂ ክኒን አካፈሏቸው። ለራስ ምታቱ ደግሞ ፓራሲታሞል ጨመሩበት። ክኒኖቹ ሥራ የተከፋፈሉ መስሏቸዋል። ከቤት ስንወጣ እናቴ «ወንድምዓለም፣ ጉሮሮህን አርጥብ» ብላ ጠላ በዋንጫ ሰጠቻቸው። እምቢ አይባልም።

ከፒያሳ አዘዞ እስክንደርስ ሚኒባሱ ውስጥ አንኮራፉ። ትልቅ ሰው አይቀሰቀስም ብለን ተውናቸው።

ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ የልጅቷ ቤት ገብቶ ዝም ብሎ አይቀመጥም። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላል፣ ይለመናል፣ ይግደረደራል። ጥበቡ ያለው እዚያ ላይ ነው። ተደርድረን ቆምን። አባትየው «ኧረ ተቀመጡ!» አሉ።

አጎቴ «እግዜር ይስጥልን» ብለው ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ።

እኛ ቆመን ቀረን። አንዱ ሽማግሌ በክርናቸው ጎሰም ሲያደርጓቸው «ልጃችሁን ለልጃችን...» ብለው ጀመሩ። አፋቸው ደርቆ ምላሳቸው ከላንቃቸው ተጣበቀ። ውኃ መጣ። ጠጡ። መረቁ። ተኙ።

«አሟቸዋል እንዴ?» አሉ እናትየው።

«ጸሎት ላይ ናቸው» አለ ከእኛ አንዱ። ወዲያው አንኮራፉ።

ደግነቱ የልጅቷ ታላቅ እህት ፋርማሲስት ናት። የወሰዱትን ጠየቀችን። ከኪሳቸው የክኒኖቹን ማሸጊያ አውጥቼ ሰጠኋት።

«የጉንፋኑም የአለርጂውም ውስጥ ክሎርፌኒራሚን አለ» አለች። «የሚያስተኛም፣ አፍ የሚያደርቅም እሱ ነው። በዕድሜ ለገፋ ሰው ይከብዳል። ጠላ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።»

እናቴ ይህን አለመስማቷ ጥሩ ሆነ።

«ፓራሲታሞሉስ?»

«የጉንፋኑ ውስጥም አለ፣ ደርበውታል። ትልቅ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም። ባለ 500 ሚሊ ግራሙ 8 ፍሬ ማለት ነው። ካለፈ ጉበት ይጎዳል።»

በሠርግ ድርድር መሀል ክኒን ቆጠርን። አልደረሰም፤ ተነፈስን። ቀጥላ ግፊት እንዳለባቸው ጠየቀች። አለባቸው። አፍንጫ የሚከፍቱ አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶች ግፊት ያወጣሉና ማሸጊያውን ደግማ አነበበች። እዚህኛው ውስጥ የለም። ከዚያ በስማቸው እየጠራች ቀሰቀሰቻቸው።

አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው «እሺ አሉ?» አሉ።

አባትየው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ለመልሱ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጡን። አጎቴ እስካሁን የሚያሳብቡት በሶፋው ነው፤ «በጣም ይሰምጣል» ይላሉ። በቀጠሮው ቀን ስንመለስ አባትየው ለእሳቸው የእንጨት በርጩማ አዘጋጅተው ጠበቁን።