89ኛው ቀን ላይ የቆሙት ብድሮች

እናት ባንክን 11 ሴቶች መሥርተው በ2005 ዓ.ም. ሥራ ሲያስጀምሩ እኔ ገና ጀማሪ ኦዲተር ነበርኩ። ከዓመታት በኋላ የሌላ ባንክ ባለአክሲዮኖች መርጠውኝ ቦርድ ገባሁ። ብቸኛዋ ሴት ነበርኩ። ባንኩን ለኪሳራ የሚያጋልጡ ነገሮችን የሚከታተለው የስጋት ኮሚቴ ውስጥ ተመደብኩ።

የመጀመሪያው የስጋት ሪፖርት ከ80 ገጽ በላይ ነው። የደረሰን ለስብሰባው አንድ ቀን ሲቀረው ነበር። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የተበላሸው ብድር ትንሽ ነው፤ ሠንጠረዡም አረንጓዴ ተቀብቷል። 47ኛው ገጽ ላይ ግን አንዲት ትንሽ መስመር አለች። ክፍያቸው ከ60 እስከ 89 ቀን የዘገየ ብድሮች ድምር። ካለፈው ሩብ ዓመት በእጥፍ አድጓል።

በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ብድር የተበላሸ የሚባለው ክፍያው 90 ቀን ሲዘገይ ነው። ያኔ ባንኩ ብድሩ ባይመለስ ኪሳራውን የሚሸፍንበት ከፍ ያለ መጠባበቂያ ይይዛል፤ ትርፉም ይቀንሳል። 89ኛው ቀን ላይ ያለ ብድር ግን ከተበላሹት ጋር አይቆጠርም።

በነጋታው ስብሰባው መሃል ስለዚያች መስመር ጥያቄዬን ዱብ አደረግኩት። የስጋት ክፍል ኃላፊው ደነገጠ። አንድ አንጋፋ አባል "እህታችን፣ ይሄ የማኔጅመንት ሥራ ነው" አሉኝ። ጥያቄዬ ቃለ ጉባኤ ላይ እንኳን አልሰፈረም። ሦስት ወር እንዲሁ ባከነ። ዛሬም ይቆጨኛል።

ለቀጣዩ ስብሰባ አሥር ቀን ሲቀረው ኃላፊው ቢሮ ሄድኩ። 20 ትልልቅ ተበዳሪዎችን በስም፣ የእያንዳንዱ ብድር ስንት ጊዜ እንደተራዘመም ጨምሮ በጽሑፍ ጠየቅኩ። መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ወረቀት አወጣ። ዝርዝሩን ቀድሞ ሠርቶታል። ለማን እንደሚያሳየው ነበር የጨነቀው።

አንዳንዱ ትልቅ ብድር ሁለቴ ሦስቴ ተራዝሟል። ቀኑ ሊሞላ ሲል አዲስ የክፍያ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ወረቀቱን ይዤ መጀመሪያ የሄድኩት እዚያው አንጋፋ አባል ጋ ነው። "ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ" አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው አንዱ ስም ላይ ጣታቸውን አቆሙ። "ይሄ ሰውዬ እስካሁን አልከፈለም እንዴ?" አሉ። ስብሰባው ላይ ጉዳዩን ያነሱት እሳቸው ናቸው። መጠባበቂያው ጨመረ። የዚያ ዓመት የትርፍ ድርሻ ሲቀንስ ባለአክሲዮኖች ጉባኤው ላይ ክፉኛ ተቆጡብን። ቁጣቸው ይገባኛል፤ ገንዘባቸው ነው።

ሴት ስለሆንኩ የተለየ ዓይን አለኝ ብዬ አላምንም። መስመሯን ያየኋት ኦዲተር ስለነበርኩ ነው። ተበዳሪዎቹን ግን ከልጅነት ጀምሮ አላውቃቸውም፤ ሠርግና ለቅሶ አንገናኝም። እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጥነው ብዙዎቹ ያውቋቸው ነበር። ስማቸውን ጮክ ብሎ ማንበብ ለእኔ ቀለለኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለተኛ ሴት ተመረጠች። በመጀመሪያው ስብሰባዋ ዋዜማ ማታ ደወለችልኝ። "ከየትኛው ገጽ ልጀምር?" አለችኝ። 20ዎቹ ተበዳሪዎች አሁን የሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ናቸው። "ከአንደኛው" አልኳት።