ከሜክሲኮ እስከ ቄራ፣ ሽቅብ እያየሁ

መድኃኒት ስለተላመዱ ባክቴሪያዎችና ስለ ወፎች ሳነብ ሰነበትኩና ቅዳሜ ጠዋት ከሜክሲኮ ወደ ቄራ በእግሬ ወረድኩ። ታክሲ ይቀል ነበር፣ ግን ከሚኒባስ ውስጥ ሰማይ አይታይም።

ቄራ ስትደርሱ መጀመሪያ የሚቀበሏችሁ ጭልፊቶቹ ናቸው። ሲዞሩ ይቆዩና ድንገት ወርደው አጥንት ላይ የቀረችውን ሥጋ ይነጥቃሉ። አባ ኮዳ ደግሞ ጡረታ እንደወጣ ዳኛ ጣሪያ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያያል። ፊቱ ሮዝ የሆነውን ትንሹን ጥንብ አንሳም አየሁት፤ በዓለም ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት አንዱ ነው፣ እዚህ ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

በር ላይ የተቀመጡ አንድ ጥበቃ ጠየቅኩ።

«ጋሼ፣ እነዚህ የት ነው የሚያድሩት?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ! ሲነጋ ይመጣሉ፣ ሥጋው ሲያልቅ ይሄዳሉ።»

ሳነብ የከረምኩት ጥያቄ ይኸው ነው፦ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ የተሸከመ ወፍ እንቅስቃሴው ይቀየራል ወይ? ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ በወፍ አንጀት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሳያሳምም ይኖራል። መድኃኒት መላመዱም በራሱ የባሰ አሳማሚ አያደርገውም። ስለዚህ ወፉ ደክሞ ይቀራል ማለት ይከብደኛል። እኔ የምጠረጥረው ተገላቢጦሹን ነው፦ ቆሻሻ መጣያና ፍሳሽ የሚያዘወትር ወፍ ባክቴሪያውን እዚያው ያገኛል፣ ምግብ ስላለው ደግሞ ሩቅ አይሄድም። ስፔን ውስጥ ቆሻሻ መጣያ ስላገኙ ወደ አፍሪካ መምጣት ትተው እዚያው የሚከርሙ ነጭ ሽመላዎች አሉ። ጂፒኤስ ብታስሩባቸው «ባክቴሪያ ያለበት ብዙ አይንቀሳቀስም» የሚል ውጤት ሊወጣ ይችላል፣ የቱ እንደቀደመ ግን አይነግራችሁም። ለዚያ ያንኑ ወፍ ደጋግሞ ይዞ መመርመር ያስፈልጋል፣ ጭልፊትን ሁለቴ መያዝ ደግሞ ቀላል ሥራ አይደለም።

ወፎቹ መድኃኒት የተላመደውን ባክቴሪያ ሩቅ ያደርሱታል ወይ ከተባለ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከመድኃኒት ቤት እጅግ በራቀው አርክቲክ ያሉ ወፎች ላይ ሳይቀር አግኝቶታል። እኛ ጋ ደግሞ ከባልካን አገሮች ተነስተው ክረምታቸውን ኢትዮጵያ የሚያሳልፉ ጥንብ አንሳዎች አሉ። ከየት ምን ይዘው እንደሚመጡ፣ ከእኛስ ምን ይዘው እንደሚመለሱ ቢመረመር ደስ ይለኛል።

ስመለስ አንድ ፋርማሲ ጎራ አልኩ። ከፊቴ የነበረው ልጅ ለጉንፋን ብሎ አሞክሳሲሊን የሚባለውን የባክቴሪያ መድኃኒት ያለ ማዘዣ ጠየቀ፣ ተሰጠው። በሉ እንግዲህ ወፉን እንክሰስ!

መሄድ ካሰባችሁ በጠዋት ሂዱ። ፀሐይዋ ስትጠነክር ሞቃቱን አየር ይዘው ከፍ ስለሚሉ አንገታችሁ ነው የሚታመመው። ኩስ ከነካችሁ እጃችሁን ሳትታጠቡ ጥሬ ሥጋ ቤት እንዳትገቡ።